የታላቅየው አንገት

ያ ፀጉር ቤት ጠዋት ጠዋት የሚከፈተው በግማሽ ነበር። ታላቅየው የብረት መዝጊያውን እስከ ወገቡ ድረስ ያነሣዋል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ጎንበስ ብለው ይገባሉ፤ መዝጊያውም እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቆያል። በግማሹ ብርሃን ውስጥ ታላቅየው ከመስታወቱ ፊት ካለው የቆዳ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ታናሹ ነጩን ፎጣ አንገቱ ላይ ያስርለታል፤ ሳሙናውን በብሩሽ እየመታ አረፋ ያስነሣል፤ ጉንጩንና ጉሮሮውን አረፋ አልብሶ አዲስ ምላጭ እጀታው ውስጥ ይከታል። ታላቅየው ዓይኑን ይጨፍናል። ጺም ኖረው አልኖረው፣ በየጠዋቱ እንዲሁ ነው።

የጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ይህን ባየ ቁጥር አንጀቱን ይበላዋል። "ወንድም ማለትስ እንዲህ ነው!" ይላል በመዝጊያው ሥር ጭንቅላቱን አስገብቶ። "የኔ ወንድም እንኳን ጺሜን ሊላጨኝ፣ ጀርባዬን እከክልኝ ብለው ቀጠሮ ይሰጠኛል።"

ሦስቱም ይስቃሉ። ታላቅየውን ግን ከሳቁ ሥር አንዲት እሾህ ወጋ ታደርገዋለች። መላጨቱ ሰበብ ነውና። በየጠዋቱ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ወንድሙን ሊመዝን ነው።

ሚዛኑ የገዛ ቆዳው ነው። አረፋው ከበዛ፣ ምላጩ ከፈጠነ፣ አንዱ ወሬ ሳያልቅ ሌላው ከተደረበ፣ ያ ነገር እየመጣ ነው ይላል በልቡ። እጁ ከከበደ፣ ትንፋሹ ከረዘመ፣ ብሩሹን ማጠብ ከረሳ ደግሞ ሌላኛው እየመጣ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ጆሮው የሚጠብቀው ፉጨቱን ነበር።

ታናሹን ገና ከልጅነቱ ሁሉም "ፉጨት" ነበር የሚለው። ዜማ አንዴ ከሰማ በከንፈሩ ይዞት ይዞራል። አባታቸውም ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ሁለቱንም ያስተማሩት በዚያው ወንበር ሥር አቁመው ነው። ታላቁ ጠንቃቃ ሆነ፤ ታናሹ ግን እጅ ነበረው። አንዳንድ ሰው ዘፈን ይዞ ይወለዳል፤ እሱ ሁለቱን ይዞ ተወለደ፣ ዘፈኑንም ምላጩንም። አባትየው ደንበኛ ሲያስቀምጡ የሚያንጎራጉሯትን ቀልድ ከእሳቸው ወርሶ፣ ከእሳቸው አሳምሮ ይላት ነበር፦

*ዓይንህን ጨፍነህ አገጭህን ስጠኝ፣*
*ምላጭ በእጄ ይዤ እባክህ አታስቀኝ።*

ደንበኛው ፈገግ ሲል ጉንጩ ይወጠራል፤ ለምላጩ ይመቻል። ቀልዷ የተፈጠረችው ለዚያ ነበር።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። ሐኪሙ ባይፖላር አሉት። ስሜቱ ከልክ በላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆይቶ ከልክ በታች ይወድቃል፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰደ፣ እንቅልፉንም ከጠበቀ ግን ሠርቶ፣ ወዶ፣ ተዋዶ እንደማንኛውም ሰው ይኖራል አሉ። ቤተሰቡ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ይዞ የወጣው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

እንዲህ መሆናቸው አይፈረድባቸውም። ያን ቀን አይተውታላ።

ያን ቀን ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ፉጨት እንቅልፍ በዓይኑ ካልዞረ ሰንብቷል። አንዱን ጀምሮ ወደ ሌላው፣ ሌላውን ትቶ ወደ ሦስተኛው እየተዘዋወረ ግማሽ ጺምና ግማሽ ፀጉር ያላቸውን ሰዎች ወንበር ለወንበር ደረደረ። ቀጥሎ ትልቁን መስታወት ከግድግዳው ነቅሎ፣ አቅፎ፣ እየዘፈነ ወደ አስፋልቱ ወጣ። "ፀሐይ እኮ መልኳን አይታ አታውቅም!" ይል ነበር። "እስኪ ዛሬ እንኳን ትየው!" መኪኖች ጥሩምባቸውን ያዙት፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ስልኮች ወደ ላይ ተነሡ፤ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ።

ታላቅየው መቀስ በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ግማሽ ጺሙ አረፋ የሆነ አንድ እንግዳ ደንበኛ አጠገቡ መጥቶ በንዴት ጠየቀው።

"ይሄ ሰውዬ ምንህ ነው?"

"ተቀጣሪ ነው" አለ ታላቅየው።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ቀና ቢል መስታወቱ ወደ እሱ ዞሮ ነበር። የገዛ ፊቱን አየው፣ ወንድሙን የካደውን ፊት፣ ከንፈሩ ገና ሳይገጠም። ከመስታወቱ ጠርዝ በላይ ደግሞ የፉጨት ሁለት ዓይኖች ያዩታል። ይስማ አይስማ አላወቀም። ሊጠይቀውም አልደፈረም። ወንድ ልጅ በቁሙ መሬት ተከፍታ ብትውጠው የሚመርጥበት ቀን ካለ፣ ለእሱ ያ ነበር።

ከመውጣቱ በኋላ መውደቁ መጣ። ፉጨት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ክረምት ገብቶ ወጣ፣ እሱ ግን አልዞረም። የወንድሙ ሚስት በማንኪያ ታጎርሰው ነበር። "እትዬ፣ ተይኝ" ይላታል፤ "አልተውህም፣ ብትፈልግ ንከሰኝ" ትለዋለች። ታላቅየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጺሙን ይላጨዋል፤ ያ ፊት ከእጁ ሥር እንደ እንጨት ዝም ይላል። ጎረቤት "ታናሽህ የት ጠፋ?" ሲለው "ጉንፋን ይዞት ነው" ይላል። ያን ያህል የሚረዝም ጉንፋን ማንም አይቶ አያውቅም። ቀስ በቀስ ጠያቂው አነሰ። እነሱም እንግዳ መጥራት ተዉ። የሚስቱ እኅት እንኳ በር ላይ ቆማ ሰላም ብላ የምትመለስ ሆነች። ሚስቱ ጓዳ ገብታ የቧንቧውን ውኃ ከፍታ ታለቅሳለች፤ ውኃው ድምጿን እንዲሸፍንላት። ታላቅየው የውኃውን ድምፅ በሰማ ቁጥር ያፍራል፦ በወንድሙ ያፍራል፣ በማፈሩ ደግሞ ይብስ ያፍራል። አንዱን እፍረት ሲገፋው ሌላኛው ይደርብበታል።

ፉጨት እንደ ምንም ተነሣ። መድኃኒቱን ይዞ፣ ቀን በቀን፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሕፃን ተመለሰ። ወንበሩንም ተረከበ። የጠዋቱ መላጨት የተጀመረው ያኔ ነው።

"ና፣ እጅህን አፍታታብኝ" ብሎት ነበር ታላቅየው በመጀመሪያው ጠዋት።

"እሺ፣ ወንድም ጋሼ" አለ ታናሹ። ፎጣውን አነሣ።

ቤት ውስጥም አዲስ ኑሮ ለመዱ። ማንም ሳይናገር ሁሉም ዘበኛ ሆነ። ፉጨት ከት ብሎ ከሳቀ ባልና ሚስት ይተያያሉ። ሁለተኛ ሳህን ከጠየቀ ይተያያሉ። አዲስ ካልሲ ከገዛ ይተያያሉ። የታናሹ ደስታ እንደ ትኩሳት የሚለካ ነገር ሆነ። ፉጨትም ይህን እያየ ሳቁን ማሳጠር፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ለመደ። ፉጨቱም ጠፋ። ሰዉ ስሙን እየጠራ፣ ስሙ የወጣበት ነገር ሳይሰማ ወራት አለፉ። ታላቅየው ይህን ጤና ነው ብሎ ተቀበለው።

እንዲህ ሆነው ሳለ ነው ያ ጠዋት የመጣው።

መዝጊያው በግማሽ ተነሣ፤ ጎንበስ ብለው ገቡ። ፉጨት ካፖርቱን ሲያወልቅ ከሥሩ ቢጫ ሸሚዝ ብቅ አለ። እንደ ሎሚ የሚያበራ፣ የመታጠፊያው መስመር ገና ያልለቀቀ አዲስ ሸሚዝ። ታላቅየው ልቡ ስንጥቅ አለ።

"ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?"

"ከሱቅ ነዋ! ሸሚዝ ከዛፍ ይለቀማል እንዴ፣ ወንድም ጋሼ?"

ቀልዱ ፈጣን ነበር። ታላቅየው ተቀመጠ። አረፋው ከወትሮው ወፈረበት። ምላጩ ከጆሮው ሥር ተነሥቶ በጉንጩ ላይ ሲወርድ ውኃ እንደሚፈስ ነበር፤ አንድም ቦታ አልቆረጠውም፣ ግን ፈጠነበት። ከዚያ የታናሹ ከንፈሮች ተሰበሰቡና መጣ፦ ፉጨቱ። መጀመሪያ እንደ ትንፋሽ፣ ቆይቶ እንደ ወፍ፣ በመጨረሻም ቃል አወጣ፦

*ገና መስኮት ሳልከፍት ወፍ ትጠራኛለች፣*
*ፀሐይ ቀድማኝ ነቅታ ደጄን ታንኳኳለች።*

*ፀሐይ!* መስታወቱ፣ አስፋልቱ፣ ጥሩምባው፣ የተነሡት ስልኮች፣ ሁሉም በአንዴ በታላቅየው ዓይን ላይ ተግተለተሉ። ጉሮሮው ድንጋይ ሆነ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ እንደደረሰ ቆመ።

"ምነው፣ ወንድም ጋሼ?"

"ምንም። ተኝተህ አድረሃል?"

ፉጨት ምላጩን በፎጣው ጠረገ። "ብዙም አልተኛሁም" አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አሳጠረው። ቀሪውን ጺም በዝምታ ጨረሰ፤ ፎጣውን ፈታ፤ ብሩሹን አጥቦ አስቀመጠ።

ታላቅየው ወደ ጓሮ ወጥቶ ለሚስቱ ደወለ። "ቢጫ ሸሚዝ ገዝቷል። አልተኛም። ያፏጫል። ስለ ፀሐይ ይዘፍናል።"

"እኔም ልነግርህ ነበር" አለች ሚስቱ። "ትናንት ሳህን ሲያጥብ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር።"

"ብቻውን?"

"ብቻውን። ወይኔ አንተ ሰው፣ እኔ ሁለተኛ አልችለውም። እውነቴን ነው የምልህ፣ አልችለውም።"

ታላቅየው ተመልሶ ገባ። መዝጊያውን ሙሉ በሙሉ ከፈተ። ከመስታወቱ ሥር ካለው መሳቢያ የወንድሙን የምላጭ እጀታና የምላጩን ፓኮ አንሥቶ የጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተ። ፉጨት ቆሞ ያየው ነበር።

በዚያው ቅጽበት ጡረተኛው ሹፌር ደረሱ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ፣ አሁን ወሬ የሚነዱ፣ ከፉጨት እጅ ሌላ እጅ ፊታቸውን እንዲነካ የማይፈቅዱ ሽማግሌ ናቸው።

"በሉ፣ ሞተሩ ይሞቅ!" አሉ ወደ ወንበሩ እያመሩ። "ዛሬ የልጅ ልጄ ትመጣለች፤ እንደ ጃርት ወግቼ እንዳላባርራት።"

"ዛሬ እኔ ልላጭዎት" አለ ታላቅየው።

"አንተማ ፍሬን ታበዛለህ። የሱን እጅ ነው የምፈልገው።"

"እሱ... ዛሬ እሱ ፎጣ ነው የሚያጥበው።"

ሹፌሩን ተከትለው የገቡት ሁለት ደንበኞች ቀና አሉ። ጫማ ሰፊውም በሩ ላይ ነበር። ፉጨት በመካከላቸው ቆሞ ቀላ፤ ቢጫው ሸሚዝ ላይ ቅላቱ ጎልቶ ታየ። ከዚያ ካፖርቱን አንሥቶ ለበሰ፤ በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈው። መጥረጊያ አንሥቶ መጥረግ ጀመረ። ወለሉ ላይ ገና አንዲት ፀጉር አልወደቀም ነበር።

ሹፌሩ ወንበሩን ትተው ወደ መጠበቂያው አግዳሚ ሄዱ። "እንግዲያው ፎጣው ታጥቦ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ" አሉ። "ጡረታ ላይ ነኝ፤ ቸኩዬ የምደርስበት ፌርማታ የለኝም።"

ታላቅየው እስከ ረፋዱ ድረስ የሌሎቹን ሠራ፤ እጁ ግን አልሠራለት አለ። መድኃኒቱን አቋርጦ ይሆን? ይህን ብቻ ቢያውቅ። ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄደ።

ከባንኮኒው ጀርባ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ የሻጠች፣ ቀይ ዳማ ሴት ነበረች። ሦስት አራት ሰው ተሰልፏል። ተራው ሲደርስ ታላቅየው ድምፁን ሊቀንስ አሰበ፤ ጭንቀቱ ግን ድምፁን ከፍ አደረገበት።

"እኅቴ፣ ወንድሜ እዚህ ነው መድኃኒት የሚወስደው። ፀጉር ቤቱ ያለው፣ ቀጠን ያለው። ሰሞኑን ወስዷል?"

"የሌላ ሰው መድኃኒት ለሌላ ሰው አልናገርም፣ ጋሼ" አለች በትሕትና።

"እኔ ሌላ ሰው አይደለሁም፤ ታላቅ ወንድሙ ነኝ! አልገባሽም። ሲነሣበት አታውቂውም። ያኔ መስታወት ተሸክሞ አስፋልት መሐል የቆመው እሱ ነው፤ ከተማው ሁሉ የሳቀበት። ዛሬም ጀምሮታል፤ ምላጩን ደብቄ ነው የመጣሁት" ብሎ ኪሱን መታ። "ይሄው! ምላጭ ይዞ ሰው አጠገብ እንዳይቆም። አንቺም ከመጣ ብዙ አታዋሪው፤ ልብስ ይገዛል፣ ይስቃል፣ ያዋዛል፤ ሰው ጤነኛ ይመስለዋል።"

ተሰልፎ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሴትዮዋ እጆቿን ባንኮኒው ላይ አሳረፈች።

"ቢጫ ሸሚዝ ነው የለበሰው?"

"አዎ! አየሽው?"

"እኔ ነኝ የመረጥኩለት።"

ታላቅየው አልገባውም። ቀጥሎ ቀስ እያለ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከአናት ወደ እግር እንደሚወርድ፣ ገባው።

"ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሊወስደኝ ነው፤ መናፈሻ ልንሄድ" አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለው ነበር። "በየወሩ እዚህ ሲመጣ እናወራለን። ሕመሙን ራሱ ነግሮኛል፤ መስታወቱንም ነግሮኛል። የፀሐይዋን ነገር ሲነግረኝ ሁለታችንም ስቀናል። ምላጭ እንደሚደበቅበት ግን አልነገረኝም።" ቀጥላም "ምናልባት ራሱም አያውቅ ይሆናል" አለች።

ከሰልፉ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። ታላቅየው ኪሱን በእጁ ሸፈነ። ዞሮ ወጣ። መንገዱ ላይ የሚያልፉት ሁሉ የሰሙት መሰለው። ብዙ አልተኛሁም! እንዴት ይተኛ? ሰው የሚወዳት ሴት ነገ መናፈሻ አብሬህ እሄዳለሁ ስትለው እንዴት ብሎ ይተኛል? እሱ ራሱ ሚስቱን ሊያገኝ የሄደበትን ቀን አስታወሰ፤ በሌሊት ተነሥቶ ጫማውን ጠርጎ፣ ጠርጎ፣ እንደገና ጠርጎ ነበር። ያኔ ማንም ምላጭ አልደበቀበትም።

ፀጉር ቤቱ ሲደርስ ፉጨት መጥረጊያውን ይዞ ጥግ ላይ ቆሟል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ ካፖርቱ አሁንም እስከ አንገቱ እንደተቆለፈ ነው። ሹፌሩ አግዳሚው ላይ ናቸው፤ ጫማ ሰፊውም ሥራውን ትቶ አጠገባቸው ተቀምጧል። ስለ አየር ሁኔታ ከሚገባው በላይ እያወሩ ነበር።

"መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር" አለ ታላቅየው።

መጥረጊያው ቆመ። "ለምን?"

"ስለ አንተ... ልጠይቅ።"

"ነገርካት?"

"ነገርኳት።"

"ምኑን?"

"ሁሉን። ምላጩንም።"

ፉጨት መጥረጊያውን ከግድግዳው አስደገፈ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለና ያልተንቀጠቀጠ ነበር፤ አንድም ቃል ከሌላው ላይ አልተደረበም።

"ወንድም ጋሼ፣ በየጠዋቱ ለምን እንደምትቀመጥ የማላውቅ ይመስልሃል? አባባ እኔንም እኮ ነው ያስተማሩኝ። ከምላጭ ሥር ሰው መደበቅ አይችልም። ምላጩ አንገትህ ላይ ሲደርስ ቆዳህ ይሸሻል። በየጠዋቱ ይሸሻል። ደህና ሆኜ እነሣለሁ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ዛሬስ ጥሩ ነኝ ብዬ እመጣለሁ፤ አንገትህ ላይ ስደርስ 'ታምሜ ይሆን እንዴ?' እላለሁ። ከሐኪሙ ይልቅ አንገትህን ነው የማምነው።"

ታላቅየው አንገቱን ደፋ።

"ያን ቀንም ሰምቼሃለሁ" አለ ፉጨት። "በመስታወቱ ቀን። ሰው ከፍ ሲል ጆሮው አይደነቁርም። ተቀጣሪ ነው አልክ።"

ሹፌሩ ጣሪያውን አዩ። ጫማ ሰፊው የራሱን ጫማ መረመረ።

"እና ተቀጣሪ ነኝ። ተቀጣሪ ደግሞ ካልተስማማው ይለቃል። ከመናኸሪያው ማዶ ያለው ፀጉር ቤት አንድ ወንበር አለ ብሎኛል፤ እምቢ ስል ነበር የቆየሁት። ሸሚዙን ለብሼ ዛሬ ልነግርህ ያሰብኩት ስለሷ ነበር፤ እንግዲህ ይሄን ልንገርህ።"

ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ ታላቅየው የሚፈራው ነገር ፊት ለፊቱ ቆመ፤ ከጠበቀው ሌላ መልክ ይዞ። ወንድሙ ሊሄድበት ነው፤ በሙሉ ጤናው፣ በሙሉ አእምሮው። የሚያስሄደውም እሱ ራሱ ነው።

እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። እጀታውንና ፓኮውን አውጥቶ መስታወቱ ሥር አስቀመጠ። ጋዋኑን አወለቀ። ሄዶ የቆዳው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ መዝጊያው ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ።

"ላጨኝ" አለ።

"ጠዋት ላጭቼሃለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምላጭህ? እንደ እንቁላል ነው ያደረግኩህ።"

"እውነቱን ነው" አሉ ሹፌሩ መታገሥ አቅቷቸው፤ "እዚህ ጺም ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።"

ታላቅየው በመስታወቱ ውስጥ ሁሉንም አያቸው፤ ከዚያ ወደ ሹፌሩና ወደ ጫማ ሰፊው ዞረ። ፊቱ እስከ ጆሮው ይነድ ነበር። "እናንተም ስሙኝ። አንድ ሰው ምንህ ነው ብሎ ጠይቆኝ ተቀጣሪ ነው ብዬ ነበር። ወንድሜ ነው። የእናቴ ልጅ ነው። ይታመማል፣ ይድናልም። ዛሬ ደህና ነበር፤ የታመምኩት እኔ ነኝ።" ወደ መስታወቱ ተመለሰ። "በል እባክህ።"

ፉጨት ፎጣ አነሣና አንገቱ ላይ አሰረለት። አረፋውን መታ፤ አለበሰው። ምላጩን እጀታው ውስጥ ከተተ። ያቺን የአባታቸውን ቀልድ አላለም። ጉንጩን ትቶ በቀጥታ ወደ ጉሮሮው ሄደ፤ ስለቱን ሳይሆን ጣቱን ነበር መጀመሪያ ያሳረፈው።

ቆዳው ሸሸ።

"አየህ" አለ ፉጨት።

"አያለሁ። ጠብቀው።"

ጠበቀው። ታላቅየው ዓይኑን ጨፍኖ የገዛ አንገቱን ለመነ። አልጋ ላይ እንደ እንጨት የደረቀውን ያን ፊት፣ እሱ ሲላጨው ግን አንድም ቀን ያልሸሸውን ፊት አሰበ። ያ ሰው በዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ እንኳ አንገቱን አምኖ ሰጥቶት ነበር። ይህን ሲያስብ እንባው ወረደና አረፋው ውስጥ ገባ። አንገቱ ግን አልለቀቀም። እምቢ አለ። ፍርሃቱን አንገቱ ከልቡ ቀድሞ የለመደው ነበር።

ፉጨት ምላጩን አጠፈ። አረፋውን በፎጣው ጠረገለት፣ እንደ ሕፃን ፊት ቀስ አድርጎ።

"ዛሬ አልሆነም" አለ።

"አልሆነም" አለ ታላቅየው፤ ቀና ማለት አቅቶት።

"ነገ ጠዋት እንሞክረዋለን።"

*ነገ ጠዋት።* ታላቅየው ይህን ቃል እንደ ተሰባሪ ዕቃ በሁለት እጁ ተቀበለው። ከወንበሩ ወረደ። ፉጨት ካፖርቱን ፈቶ ሰቀለው፤ ቢጫው ሸሚዝ ቤቱን አበራው።

"ጋሽ ሹፌር፣ ይምጡ፤ ፎጣው ታጥቧል።"

"ተመስገን! ሞተሩ ነክሶ ሊቆምብኝ ነበር" አሉ ሽማግሌው። ወንበሩ ላይ ዘና ብለው ተንጋለሉ፤ አገጫቸውን ወደ ጣሪያው ሰጡ፤ ምላጩ ሁለተኛውን ጉንጭ ሳይጀምር እንቅልፍ ወሰዳቸው። ታላቅየው መጥረጊያውን ይዞ ከጥግ ሆኖ ያን የተኛ ሽማግሌ አንገት ተመለከተው። በሰው አንገት ቀንቶ አያውቅም ነበር።

ወደ ማምሻው ላይ ያቺ ሴት በሩ ላይ ቆመች፤ እስክሪብቶው ከፀጉሯ ወጥቷል። ታላቅየው ሲያያት መደርደሪያ የሚያስተካክል መሰለ። እሷ ግን ጠራችው።

"ጋሼ።"

ዞረ። ጣቷን ወደ ራሷ ጆሮ ወስዳ ነካ ነካ አደረገች። "አረፋ ቀርቶብዎታል፤ ከጆሮዎ ሥር።"

ጠረገው። "እኅቴ፣ እኔ..." አለና ቀሪው ጠፋበት።

"እሱ ይቅር ካለዎት እኔ ምን አገባኝ" አለች። ፈገግ አላለችም፤ ፊቷንም አላዞረችበትም።

"ገና አላልኩም" አለ ፉጨት ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጣል እያደረገ። "ነገ ይታያል። ደህና እደር፣ ወንድም ጋሼ። ለእትዬ እራት እንዳትጠብቀኝ በልልኝ፤ ኪኒኔን ይዣለሁ።"

ወጡ። ታላቅየው ለሚስቱ ደወለ። ምን እንደሆነ ሲነግራት ጓዳ የሚፈሰው የውኃ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ሲቆም ተሰማው።

መዝጊያውን ሊያወርድ በሩ ላይ ቆመ። ሁለቱ መንገዱን ተሻግረዋል፤ ቢጫው ሸሚዝ በሰው መካከል ብቅ ጥልቅ ይላል። ከዚያ ከወዲያ ማዶ መጣ፦ ፉጨቱ። ጠዋት በግማሽ የተቋረጠው ዜማ፣ ካቆመበት ቀጥሎ።

አንገቱ ወዲያው ደረቀ።

ታላቅየው መዝጊያውን በአንድ እጁ እንደያዘ ሌላውን እጁን አንገቱ ላይ አኖረ፤ የሚደነብር እንስሳ እንደሚያባብሉት። "ተው" አለው በሹክሹክታ። "ተው፣ ደስ ብሎት ነው።" ፉጨቱ እስኪርቅ፣ ጨርሶም እስኪጠፋ ድረስ እንዲሁ ቆመ። መዝጊያውን ያወረደው ከዚያ በኋላ ነው።